የእንጦጦው የጭቃ ቤተ መንግሥት የልጆቻችን መማሪያ ይሁን

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ የሚያስከብረው የሙዚየሞች ቀን በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 10 ላይ ይውላል። በዚያን ቀን ባነር ይሰቀላል፣ ንግግር ይደረጋል፣ እንግዶች ቡና ይጠጣሉ፤ በማግሥቱ ነገሩ እስከ ሌላ ዓመት ይረሳል። ለረጅም ዓመታት በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክና የኅብረተሰብ ትምህርት ሳስተምር ቆይቼ አሁን በጡረታ ላይ የምገኝ፣ ከሽሮ ሜዳ በላይ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ የምኖር ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ ሐሳብ ነው፤ እርሱም የታሪክ ቤቶቻችን፣ በተለይም ጎረቤቴ የሆነው የእንጦጦው የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት፣ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራበት፣ በአካባቢው ለሚኖሩ ልጆችና ወላጆች አስቀድሞ የተነገረ የትምህርትና የሕዝብ መርሐ ግብር እንዲኖራቸው የሚጠይቅ ነው።

የታሪክ ቤት ከሌላው ሙዚየም የሚለይበት ነገር አለ። በብሔራዊ ሙዚየም የድንቅነሽን አጽም ቅጂ የሚያይ ተማሪ አጥንቱ ከተገኘበት ከሀዳር እጅግ ርቆ ቆሞ ነው የሚያየው። በታሪክ ቤት ግን ዋናው ቅርስ ራሱ ቤቱ ነው፤ ግድግዳው፣ መስኮቱ፣ ደጃፉ፣ ከደጃፉ የሚታየው አገር ሁሉ የትምህርቱ ክፍል ነው። በስድስት ኪሎ የሚገኘውን፣ ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ለዩኒቨርሲቲው የተሰጠውን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም በሆነው በዚያ ሕንፃ ውስጥ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት ሲታይ፣ ልጆች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ መታጠቢያ ገንዳው ነው። በግቢው ያለው፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ሠርተውት ከነፃነት በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ የተቀመጠበት ወዴትም የማያደርስ ደረጃም እንዲሁ ነው። አንድ ጎበዝ መምህር ተማሪዎቹን በዚያ ደረጃ ሥር ሰብስቦ «ማን ሠራው? አንበሳውን ማን አስቀመጠው? ለምን አላፈረሱትም?» ብሎ ቢጠይቅ የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ሞላ ማለት ነው።

ወደ እንጦጦ ልመለስ። ምኒልክ መናገሻቸውን በዚህ ተራራ ላይ ያደረጉት በ1870ዎቹ ነው፤ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የደፉትም በ1882 ዓ.ም. እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነው። እቴጌ ጣይቱ የተራራውን ብርድ ትተው የፍልውሃን ሙቀት መርጠው በ1879 ዓ.ም. ከታች ቤት ማሠራታቸው፣ ዛሬ ሁላችንም የምንኖርባት ከተማ መነሻ ሆነ። ከማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የቀረው ቤተ መንግሥት ደግሞ ስሙን ሰምቶ እብነ በረድ ለሚጠብቅ ጎብኚ የሚያስገርም ነው። እንጨት ተማግሮ፣ ጭቃ ተመርጎ፣ በኖራ ተለስኖ የተሠራ ቤት ነው። በእኔ አስተያየት ትልቁ ሀብቱም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ከሽሮ ሜዳ እስከ ተራራው ወገብ ድረስ የሚኖሩ ብዙ ልጆች ዛሬም ያደጉት በጭቃ ቤት ውስጥ ነው። በኩራት «የእኛም ቤት እኮ እንዲህ ነው» ብሎ የሚናገር ልጅ ታሪክን እንደ ባዕድ ነገር አያጠናውም።

ዳሩ ግን የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንደሚባለው ሆኖ፣ የሰፈራችን ልጆች ይህን ቤት የሚያውቁት በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ነው። የትምህርት ቤት ጉብኝትም ቢሆን እንዴት እንደሚካሄድ በሥራ ዘመኔ ደጋግሜ አይቻለሁ። በከተማው ካሉ የታሪክ ቤቶች በአንዱ፣ ስሙን መጥቀስ አያስፈልገኝም፣ ሦስት ክፍል ተማሪ በአንድ አውቶቡስ ተጭኖ መጥቶ፣ ልጆቹ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በሰልፍ እንዲያልፉ ተደርጎ፣ አስጎብኚው «ይህ የንጉሡ ወንበር ነው፣ ይህ የንጉሡ አልጋ ነው፣ አትንኩ» እያለ እየቀደመ፣ የመጨረሻዎቹ ተሰላፊዎች ምንም ሳይሰሙ ወጡ። በማግሥቱ በክፍል ውስጥ ምን እንዳዩ ስጠይቅ አብዛኞቹ ያስታወሱት በግቢው የተሸጠላቸውን ብስኩት ነበር። በአስጎብኚው አልፈርድም፤ ያን ሁሉ ልጅ በአንድ ጊዜ ሊያስተምር የሚችል ሰው የለምና። ጥፋቱ ጉብኝትን የሽርሽር መዝጊያ አድርገን በያዝነው በእኛ በመምህራኑም ጭምር ነው።

እንዴት ቢሆን ይሻላል? መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ ከመምጣቱ አንድ ሳምንት በፊት ብቻውን ወደ ሙዚየሙ ይምጣ፤ ከሙዚየሙ ባለሙያ ጋር ተቀምጦ ልጆቹ የሚያዩትን አንድ ክፍል ብቻ ይምረጥ። ሁሉን በአንድ ቀን ማሳየት ምንም አለማሳየት ነው። ክፍሉ ለሁለት ይከፈል፤ ግማሹ ወደ ውስጥ ሲገባ ግማሹ በግቢው ይቆይ። ወደ ውስጥ የገቡት ሳይቸኩሉ መሬት ላይ ተቀምጠው ይጠየቁ፤ ብርሃኑ የሚገባው በየት በኩል ነው? ጭሱ በየት ይወጣ ነበር? ግብር በሚበላበት አዳራሽ ማን ከማን በላይ ይቀመጥ ነበር፣ እስከ መጨረሻው ቆሞ የሚጠብቀውስ ማን ነበር? ለዚያ ሁሉ እንግዳ ጤፉን የፈጨው፣ ጠጁን የጣለው፣ ውኃውን ከምንጭ የቀዳው፣ እንጨቱን የፈለጠው ማን ነው? የልጆቻችን ቅድመ አያቶች ከዘውድ ጫኞቹ ይልቅ ከነዚህ ሰዎች መካከል የመገኘታቸው ዕድል ይሰፋል፤ ቤተ መንግሥትም ቢሆን ያለ እነርሱ አንድ ቀን አያድርም ነበር።

በግቢው የቀሩት ደግሞ እጃቸውን ያቆሽሹ። ቀይ አፈር ተቆልሎ፣ ውኃ ተጨምሮበት፣ ጭድ ተበትኖበት በእግር ይረገጥ። ቀደም ብሎ የተቦካና ለቀናት የሰነበተ ሌላ ጭቃ በአጠገቡ ይቀመጥና ልጆቹ ሁለቱን በጣታቸው ይለዩ። ጭዱ የሚገባው ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ መሆኑን መጽሐፍ ከሚነግራቸው ያለ ጭድ የተመረገ አንዲት ቁራጭ ግድግዳ ተሰነጣጥቃ ቢያዩ ይሻላል። ቋሚው ተተክሎ ማገሩ በልጥ ሲታሰር፣ መጀመሪያ ምርጊቱ፣ ቀጥሎ ልስኑ፣ በመጨረሻ ኖራው እንዴት እንደሚከተል የሚያሳዩ የጭቃ ቤት ሠሪዎች በሰፈራችን ዛሬም ሞልተዋል። ለባለሙያነታቸው የቀን አበል ተከፍሏቸው በክብር ቢጠሩ ከማንም የተሻሉ አስተማሪዎች ይሆናሉ፤ እነርሱን መምህር ብሎ የጠራ ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ከግቢው ውጭ ያለው ተራራ ራሱ ሌላ መማሪያ ነው። መናገሻው በተራራው ላይ በቆየበት ጊዜ የአካባቢው ጽድ ለቤትና ለማገዶ እየተቆረጠ አለቀ፤ የቀደሙት ነገሥታት ማገዶ ሲጠፋ ድንኳናቸውን ነቅለው ይሄዱ ነበር። ምኒልክም ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ወደምትገኘው ወደ አዲስ ዓለም መናገሻውን ለማዛወር ጀምረው ነበር። ከተማዋ በቦታዋ እንድትቀር ካደረጉት ነገሮች ዋነኛው ከአውስትራሊያ የመጣው ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። ይህን ታሪክ ያወቀ ተማሪ እናቱ ወይም አያቱ ከዚያው ደን የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባዋ ተሸክማ ዳገቱን ስትወርድ የኖረችበትን ሕይወት በሌላ ዓይን ያየዋል። እነዚያ እናቶች በሙዚየሙ ግቢ ተቀምጠው፣ ሸክሙ ስንት ይመዝን እንደነበር፣ በየት በየት አርፈው እንደሚወርዱ፣ በሽሮ ሜዳ ገበያ ስንት ይሸጡ እንደነበር ቢናገሩና ንግግራቸው በድምፅ ቢቀዳ፣ ሙዚየሙ አሁን የሌለውን ቅርስ ያገኛል። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ወደ ተራራው የሚወጣው የከተማ ሰው በዝቷል፤ ከሚወጣው ሰው መካከል ጥቂቱን እንኳ ከብስክሌቱና ከካፌው አሳልፎ ወደ ቤቱ ለማምጣት ይህን የመሰለ ዝግጅት ሳያስፈልግ አይቀርም።

ለሕዝብ የሚዘጋጁት መርሐ ግብሮች መቼ ይሁኑ የሚለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፣ ነገር ግን ዝግጅቶች ሰው የሚያጡት በዚሁ ምክንያት ነው። በየወሩ በ21 ለማርያም የሚወጣው ምእመን ቁጥሩ ብዙ ነው፤ ቅዳሴ ከተፈጸመና ጠበልተኛው ከተበተነ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ አስተዳደር ጋር በመመካከር አንድ ሰዓት የማይሞላ ገለጻ ቢደረግ አድማጭ ፍለጋ መኪና መላክ አያሻም። የካቲት 23 የዓድዋ በዓል ሲሆን፣ ፒያሳ ባለው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሕዝቡ በሚሰበሰብበት ሰዓት ሳይሆን በዋዜማው ለተማሪዎች ብቻ የሚሆን ጥያቄና መልስ ይዘጋጅ። አንዳንድ ሰዎች በሌሎች አገሮች እንደሚደረገው የማታ ጉብኝት ይደረግ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ባለው ብርድ ውስጥ፣ ታክሲ በሌለበት፣ ጅብ በሚጮህበት ተራራ ላይ ማታ የሚመጣውን እንግዳ ማን እንደሚመልሰው አብረው ቢነግሩን መልካም ነበር።

አንድ ከባድ ጉዳይ ሳላነሣ ማለፍ አልሻም። ምኒልክ ለአንዱ የነፃነት አባት፣ ለሌላው የመስፋፋትና የመፈናቀል መታሰቢያ ናቸው፤ ይህም በክፍል ውስጥ በተማሪዎቼ መካከል ይነሣ የነበረ ክርክር ነው። የዚህ ተራራና የሥሩ ሜዳ የቀድሞ ነዋሪዎች የሆኑት የቱለማ ኦሮሞዎች ታሪክ፣ ጉለሌ የሚለው ስም ራሱ የእነርሱ ጎሣ ስም መሆኑ፣ በቤቱ ገለጻ ውስጥ ቦታ ሊኖረው ይገባል። ገለጻውም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ብቻ ሳይሆን በአፋን ኦሮሞም ይሁን። ውዳሴ ብቻ የሚያሰማ ሙዚየም ልጁን ግማሽ ታሪክ ይዞ ይልከዋል፤ ወቀሳ ብቻ የሚያሰማውም እንዲሁ። ልጆች እንዲጠይቁ ከተፈቀደላቸው እኛ ትልልቆቹ የምንፈራውን ያህል አይጣሉም።

ይህ ሁሉ ሰው ቢገባበት ቤቱ አይፈርስም ወይ የሚል ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ የቆየ የጭቃና የእንጨት ቤት የሕዝብ ጭነት አይችልም፤ ስለዚህ ነው ወደ ውስጥ የሚገባው ቡድን ትንሽ ይሁን፣ ጭፈራውም ንግግሩም በግቢው ይሁን የምለው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ከጉዳት እንድንጠብቅ ያዘናል፤ ዘግቶ ማስቀመጥ ግን ጥበቃ አይደለም፤ ሰው የማይገባበት የጭቃ ቤት ፍሳሽ ሲጀምረው የሚያይለት አይኖርም። ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤትም በ2022 እ.ኤ.አ. ፕራግ ላይ ባጸደቀው አዲስ ትርጉም ሙዚየሞች ማኅበረሰቡን አሳትፈው የሚሠሩ፣ ለትምህርትና ዕውቀትን ለማካፈል የቆሙ ተቋማት መሆናቸውን አስፍሯል።

ገንዘቡን በተመለከተ ብዙ አልናገርም፤ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ አፈርና ጭድ ውድ አይደለም። የሚያስፈልገው አንድ ሰው ነው። ሥራው ትኬት መቁረጥ ወይም ቁልፍ መያዝ ያልሆነ፣ የመምህራንን ስልክ የሚይዝ፣ የዓመቱን መርሐ ግብር አውጥቶ በበሩና በትምህርት ቤቶች ሰሌዳ ላይ የሚለጥፍ የትምህርት ባለሙያ ለሙዚየሙ ይመደብለት። እኔን የመሰልን ጡረተኛ መምህራን ያለ ክፍያ ልናግዘው ዝግጁ ነን፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎችም ቢጠየቁ እምቢ እንደማይሉ እገምታለሁ። ጉዳዩ የሚመለከታቸው የባህልና የትምህርት ኃላፊዎች ክረምቱ ሳያልፍ ከሙዚየሙና ከደብሩ ጋር ተቀምጠው ቢመክሩ፣ ትምህርት ቤቶች የዓመቱን ዕቅዳቸውን በሚያወጡበት በመስከረም ወር የመጀመሪያው መርሐ ግብር ሊደርስላቸው ይችላል። ከመስቀል በኋላ ዝናቡ ሲያቆም ግድግዳዎቹ መጠገናቸው አይቀርምና፣ የመጀመሪያው የተማሪዎች ቡድን የሚመጣው ለዚያ ጥገና ጭቃ በሚቦካበት ሳምንት እንዲሆን ሐሳብ አቀርባለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ጡረተኛ የታሪክ መምህር
ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ አዲስ አበባ