ወፍ ዘራሹ ቡናና ያንቺ እንጉዳይ

ጅማ፣ ኅዳር

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ለቀማ ላይ ናት፤ እጇ ከቅርጫት አልወጣም።

በስልክ ስለምታጠኚው ትራፍል ያወራሽኝ ከሐሳቤ አልጠፋም። መሬት ውስጥ ተቀብሮ የሚያፈራ እንጉዳይ! የኛ እንጉዳይ ዝናብ ሲጥል ብቅ ይልና ዘሩን ለነፋስ ይሰጣል። ያንቺውን ግን ነፋስ አያገኘውም። ስለዚህ ይሸታል። የዱር አሳማው፣ አይጡ ሽታውን ተከትሎ ይቆፍራል፣ ይበላል፣ ዘሩንም ሌላ ቦታ ከኩሱ ጋር ይጥልለታል።

እኛ ወፍ ዘራሽ የምንለው ማለት ነው። ትናንት ጠዋት አንዲት ጦጣ አየሁ። ቀዩን የቡና እሸት ቀንጠስ፣ ጣፋጩን መጠጥ፣ ፍሬውን እንትፍ። ከርሞ እዚያው ቡቃያ ይወጣል። ብዙው ከእናቱ እግር ሥር አይርቅም፤ ጎረቤት ዛፎች ዘመዳሞች የሚሆኑት ለዚህ ነው። አንቺም ስለ ትራፍሉ ያልሽኝ ይህንኑ ነው፤ ቅርብ ለቅርብ ያሉት በዘረመል ይመሳሰላሉ፣ እየራቀ ሲሄድ ይለያያሉ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የአባትየው ነገር ነው። ጥቁሩ ትራፍል ራሱን በራሱ ያዳቅላል ተብሎ ስንት ዘመን ታመነ! ለካ የሚመረምሩት ሥጋውን ነበር። ሥጋው የእናት ብቻ ነው። የአባት ድርሻ ያለው ስፖር በሚሉት ዘሩ ውስጥ ነው። እዚያ ሲፈልጉት አባት ተገኘ። በ2010 እ.ኤ.አ. ሙሉ ዘረመሉ ተነብቦ ሲወጣ ደግሞ ሁለት ወገን እንዳለው፣ ሁለቱ ካልተገናኙም እንደማያፈራ ታየ።

የኛ አረቢካ ግን የምር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን በራሱ ያዳቅላል። በየመን በኩል ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው ከጥቂት ዛፎች ስለሆነ፣ የተለያየው ዘር የቀረው እዚሁ ጫካችን ውስጥ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. ሲቢዲ የሚሉት የቡና ፍሬ በሽታ ገብቶ እሸቱን ሲያጠቁር፣ እዚሁ ጅማ ያለው የመልኮ የምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች መድኃኒቱን የፈለጉት ከዚያው ነው። በሽታው ያልነካቸውን እናት ዛፎች እየዞሩ መረጡ። 74110 የምንለው ቡና ከመቱ አካባቢ የመጣ ነው፤ 74ቱ የተመረጠበት ዓመት ነው፣ 1974 እ.ኤ.አ.።

ያልነገርኩሽ ነገር አለ። አንቺ ሕፃን ሳለሽ ወንዙ ዳር የነበረውን ወፍ ዘራሽ በሙሉ ነቅዬ አንድ ዓይነት ችግኝ በመስመር ተከልኩ። ከነቀልኳቸው አንዱ ለጋ ቅጠሉ ነሐስ ይመስል ነበር፤ ፍሬው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነበር የሚቀላው። ምን እንደያዘ አሁን ማን ይነግረኛል? ያንገበግበኛል፣ ልጄ።

ስለዚህ አደራ። ናሙና ስትወስጂ ለገበያ የሚፈለገውን ትልልቁን ብቻ አትያዢ። ዛፉ ሥር ያለውንም፣ ራቅ ያለውንም፣ ትል የጀመረውንም ያዢ። ሥጋውን ለብቻ፣ ስፖሩን ለብቻ አድርጊ። ከየትኛው ዛፍ በስንት እርምጃ እንዳገኘሽው ጻፊ፤ በኋላ ልታስታውሺው አትችይም።

እኔም ከአጥሩ ማዶ የቀሩትን አሥራ አንድ ዛፎች ቆጥሬ ክር አስሬባቸዋለሁ። ማንም አይነካቸውም። አሥሩ ተለቅመዋል። አንዷ ግን እስካሁን አረንጓዴ ናት። ለገና ስትመጪ አብረን እንለቅማታለን።

አባትሽ