«ተጠናቋል» ስላላችሁኝ አገልግሎት

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ባህርዳር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ። ትናንት ማታ በቴሌግራም መልእክት ልካችሁልኛል። «ክቡር ደንበኛችን፣ የከተማ ምርጫ የማማከር አገልግሎትዎ ተጠናቋል፣ ቀሪውን ክፍያ እስከ አርብ ያስገቡ» ይላል፣ ከስሩ የሚያጨበጭብ እጅ አለበት። አዳር ላይ ነበርኩ፣ መድሃኒት እየቀዳሁ ስልኬ ጮኸ፣ አየሁትና መልሼ ኪሴ ከተትኩት፣ ትንሽ ተንፍሼ ነው ወደ ታካሚዋ የሄድኩት። ክቡርም አይደለሁም ሴት ነኝ፣ እሱ ይቅር። ግን ምኑ ነው የተጠናቀቀው?

ቤተሰቤን ይዤ ካናዳ ለመግባት እናንተ ጋ የከፈትኩትን ፋይል ታሪክ ከሀ ጀምሬ አልነግራችሁም፣ እናንተ ጋ አለ፣ ከጠፋም እናንተው ጋ ነው የጠፋው። እኔ ማውራት የፈለኩት ስለዛች አንዲት ሐሙስ ነው።

ዋናውን የፕሮሰስ ክፍያ ከከፈልን በኋላ ሌላ 12,000 ብር ያስከፈላችሁን ለምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ? ሁለት ልጅ ይዞ ካናዳ ኤድመንተን ከተማ የሚኖር ሐበሻ አለን፣ እሱ ጋ በቪዲዮ አንድ ሰዓት ታወራላችሁ፣ ከዛ ኤድመንተን ይሁን ቶሮንቶ ይሁን ሌላ ቦታ ይሁን አብረን እንወስናለን ብላችሁ ነው። ግማሹን በእጃችሁ ሰጠሁ። ሐሙስ ቀን 9 ሰዓት ተባለ። ያኔውኑ በጽሁፍ ነገርኳችሁ፣ ቴሌግራሙ አሁንም አለ አላጠፋሁትም፣ «ከኤድመንተን ጋር በዚህ ወቅት የ10 ሰዓት ልዩነት አለን፣ እዛ ሌሊት 11 ሰዓት ነው የሚሆነው፣ ሰውየው ይነሳል ወይ?» አልኩ። የመጣልኝ መልስ «አያስቡ ማዘር፣ ተነስቶ ይጠብቅዎታል» የሚል ነው። ማዘር! 33 ዓመቴ ነው። ይሁን ብዬ አለፍኩት።

ባለቤቴ አስተማሪ ነው፣ የከሰአት ክፍለ ጊዜውን ለጓደኛው ለምኖ አስያዘ። ልጆቹን እናቴ ጋ ሹምአቦ አደረስን፣ ትንሿ አልለቅም ብላ እየጮኸች ነው የተለያየነው። ከዛ በባጃጅ እናንተ ጋ። ጥያቄዎቼን በደብተር ጽፌ ነበር፣ 23 ጥያቄ፣ ባለቤቴ እንደውም «ፈተና ልታወጪ ነው እንዴ» እያለ ሲስቅብኝ ነበር። 9 ሰዓት ከሩብ ሲሆን ቁጭ በሉ ተባልን። ቁጭ አልን። ግድግዳችሁ ላይ ያለውን የናያግራ ፎቶ በደንብ አየሁት፣ ጥግ ላይ ፕላስተሩ ለቆ ታጥፏል። (በነገራችን ላይ ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ላይ ላለን ሰዎች ፏፏቴ ማስጎምጀት ምን ይሉታል? ደግሞ ናያግራ ያለው ቶሮንቶ ባለችበት ክፍለ ሀገር ኦንታሪዮ ነው፣ ኤድመንተን ካለችበት ከአልበርታ በአውሮፕላን ነው የሚኬደው።)

10 ሰዓት ከሩብ ላይ «ኔትወርክ ነው» ተባለ። አጠገባችን የተቀመጠ ልጅ በናንተው ዋይፋይ ኳስ እያየ ነበር፣ አንዴም ሲቆምበት አላየሁም። 10 ከ40 ላይ «ሰውየው አያነሳም» ተባለ። እንዴት ያንሳ፣ ተኝቷል! ሁለት ልጅ ያለው ሰው ሌሊት ተነስቶ የማያውቀውን ሰው ይጠብቃል ብሎ ያሰበው ማን ነው? ለሱ እንኳን በትክክል መነገሩን እጠራጠራለሁ። ከዛ 11 ሰዓት አልፎ ነው ያ ሠራተኛችሁ ልጅ ከውስጥ ብቅ ያለው፣ ስሙን እዚህ አልጽፍም እናንተ ታውቁታላችሁ፣ እጁን ኪሱ ከቶ እንዲህ አለኝ፦

«ማዘር እውነቱን ልንገርሽ፣ ካናዳ ካናዳ ነው። ብርዱም ያው ነው ዶላሩም ያው ነው። መጀመሪያ ግቢ፣ ልጆቹ ይለምዱታል።»

ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» የወረድኩት እዛ ጋ ነው። ሂሳብ ስከፍል እርስዎ ነበርኩ እኮ። ባለቤቴ ሰው ላይ ድምጹን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው፣ ቀስ ብሎ «ወንድም፣ እኛ የጠየቅነው የት ብንኖር ለልጆቻችን ይሻላል ነው» አለው። ልጁ ምን ቢል ጥሩ ነው፣ «ጋሼ፣ ገና ሳትሄዱ ሰፈር ትመርጣላችሁ እንዴ?» ይሄኔ ካውንተሩ ላይ ያለችው ልጅ ሳቀች። አፏን በወረቀት ከልላ ሳቀች። ስንወጣ ባለቤቴ ባጃጅ ውስጥ እስከ እናቴ ቤት ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም።

እሺ፣ ካናዳ ካናዳ ነው ወይ? እናንተ ስላልነገራችሁኝ እኔው ከአዳር ስወጣ በእንቅልፌ ሰዓት እየፈለኩ ያገኘሁትን ልንገራችሁ፣ ለሚቀጥለው ደንበኛ ይጠቅማችኋል፣ ሂሳብ አልጠይቅም።

እኔ ነርስ ነኝ። ካናዳ ውስጥ የነርስ ፈቃድ የሚሰጠው በየክፍለ ሀገሩ ነው፣ ኦንታሪዮ የራሱ የነርሶች ኮሌጅ አለው፣ አልበርታ የራሱ አለው (ኮሌጅ ስል ትምህርት ቤት አይደለም፣ ፈቃድ ሰጪውን ነው)። ስለዚህ የትኛው ክፍለ ሀገር እንደምኖር ሳላውቅ ዶክመንቴን የት ነው የማስገባው? ይሄ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ነበር፣ ደብተሬ ላይ ሁለቴ አስምሬበታለሁ።

ትልቁ ልጄ ዘንድሮ አራት ይሞላዋል። ኦንታሪዮ ከሆነ አራት በሚሞላው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ሙሉ ቀን መዋያ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት በነጻ ይገባል። አልበርታ ከሆነ ባብዛኛው በአምስት ዓመቱ ነው፣ እሱም ብዙ ቦታ ግማሽ ቀን ነው። የአንድ ዓመት ልዩነት ማለት ለናንተ ምንም ላይሆን ይችላል፣ ለኛ ግን አንዳችን ሥራ መግባታችንና አለመግባታችን ነው። እዚህ እኔ አዳር ስገባ እናቴ አለች፣ እናቴ ባትመች ጎረቤት አለ፣ ልጄ ግቢ ውስጥ ሲወድቅ ከኔ በፊት የሚያነሱት ሶስት ሰው አሉ። እዛ ማን ነው የሚያነሳው? ይሄም ጥያቄ ቁጥር 7 ነበር፣ ይሄን መመለስ የሚችለው እዛ ልጅ ያሳደገ ሰው ብቻ ነው፣ ለዛ ነው ሰው አገናኙኝ ያልኩት።

በሌላ በኩል ቶሮንቶ የቤት ኪራዩ ከኤድመንተን በጣም ይበልጣል። ኦንታሪዮ እቃ ስትገዛ 13 በመቶ ታክስ አለ፣ አልበርታ የክፍለ ሀገር የሽያጭ ታክስ የለም፣ የፌደራሉ 5 በመቶ ብቻ ነው። ግን ቶሮንቶ ዳንፎርዝ የሚባለው መንገድ አካባቢ የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት እንደልብ ነው፣ የባለቤቴ ዘመድም እዛ ናት፣ በየሳምንቱ በድምጽ «ኑ እኔ አለሁ» ትላለች። ኤድመንተን ደግሞ ዲሴምበር ላይ ፀሐይ የምትታየው ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነው፣ ባህርዳር ላይ ክረምት ከበጋ 12 ሰዓት ገደማ ብርሃን ለለመደ ልጅ ማለቴ ነው። ብርዱም ቢሆን ያው አይደለም፣ ቫንኩቨር በክረምት ባብዛኛው ዝናብ ነው፣ ዊኒፔግ ከዜሮ በታች 30 የሚገባበት ቀን አለ። ቫንኩቨር ያለበት ክፍለ ሀገር ብትገባ ደግሞ የመንግሥት የጤና መድን የሚጀምረው የገባህበት ወር አልቆ ሌላ ሁለት ወር ከቆየህ በኋላ ነው፣ ሕጻን ይዘህ ይሄን ሳታውቅ ትገባለህ?

ሐቁን ለመናገር «ካናዳ ካናዳ ነው» የሚለው የሚሠራበት ቦታም አለ። የልጆች ድጎማው የፌደራል ነው፣ የትም ብትኖር አንድ ነው፣ ከጁላይ 2024 እስከ ጁን 2025 ባለው ዓመት ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ እስከ 7,787 ዶላር ነበር፣ እንደ ቤተሰቡ ገቢ ይቀንሳል። ይሄንንም ያወቅኩት ከናንተ አይደለም።

ከሁሉም ያናደደኝ ደግሞ ይሄ ነው። ለካናዳ ኢሚግሬሽን የሚገባውን ፎርም፣ ፕሮፋይላችንን፣ ስትሞሉ የምንፈልገውን ክፍለ ሀገር የሚለው ቦታ ላይ እኛን ሳትጠይቁ ሁሉንም ምልክት አድርጋችኋል። አንድ ክፍለ ሀገር መርጦ ቢጠራን እዛ ለመኖር ሐሳብ አለኝ ብለን ነው የምንፈርመው፣ ሌላ ቦታ ልንኖር አስበን እሺ ማለት ውሸት ነው፣ በሌላ ሰው አገር መንግሥት ፊት። «ሳትሄዱ ሰፈር ትመርጣላችሁ እንዴ» ላለው ልጅ መልሱ አዎ ነው፣ ሳንሄድ ነው የምንመርጠው፣ ፎርሙ ራሱ ሳትሄድ ነው የሚጠይቅህ!

ከሐሙሱ በኋላ ቅዳሜ ላይ ይቅርታ ይላካል ብዬ ስጠብቅ የት እንደምንኖር የሚመክር ፒዲኤፍ ተላከልኝ። 11 ገጽ። ስለ ልጅ የሚያወራ አንድ መስመር የለውም። ኩቤክ የሚባለውን ክፍለ ሀገር አንደኛ ምርጫ አድርጋችሁልናል። እኔም ባለቤቴም ፈረንሳይኛ ቦንዡር ከማለት አናልፍም፣ ኩቤክ ደግሞ እንደኛ ከውጭ መጥቶ የሚኖር ሰው ልጁን የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስገባው በፈረንሳይኛ ነው፣ ከ1977 ጀምሮ ሕግ ነው፣ ከውጭ የሚገባ ሰው የሚመርጡትም እናንተ ከሞላችሁልን ፎርም ውጭ በራሳቸው መንገድ ነው። ገጽ 6 ላይ ደግሞ «ኤድመንተን በውብ የባህር ዳርቻዎቿ ትታወቃለች» ይላል። እኔ ከጣና ዳር ቁጭ ብዬ ነው ይሄን ያነበብኩት። ኤድመንተን ወንዝ ነው ያላት እንጂ ባህር አጠገቧም የለም፣ ከሌላ አገር ወረቀት ላይ ገልብጣችሁ ስሙን ብቻ እንደቀየራችሁት ማንም ያውቃል።

አንዴ ከተነሳ የቆየውንም ልናገር። የትልቁን ልጅ ስም ትርጉም ላይ በአንድ ፊደል አሳስታችሁ እንደገና ያስተረጎምነው በራሳችን ብር ነው። ለ12,000ው ግማሽ የሰጣችሁኝ ደረሰኝ ማህተም የለውም። እስካሁን አራት ሰው ተቀያይሮብናል፣ አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር «ፋይላችሁን ላንብበው» ይላል፣ ያነበበው የለም። ለአሻራ አዲስ አበባ ሂዱ ብላችሁ ቀኑን ከቀየራችሁት በኋላ ነው የነገራችሁን፣ መንገዱ እንዴት እንደሆነ እያወቃችሁ፣ የአራት ሰው የአውሮፕላን ትኬት አስቀየርን። መብራት ጠፋ ብላችሁ ፎቶ ኮፒ ውጭ አስነስታችሁ መጥታችሁ ስታስከፍሉን እንኳን አልተናገርኩም። ያኔ መናገር ነበረብኝ።

አሁን የምፈልገውን ልንገራችሁ። ቀሪውን ክፍያ አልከፍልም፣ የከፈልኩትን 6,000ም መልሱልኝ። መጀመሪያ ግማሹን ብትመልሱ ይበቃኛል ብዬ ነበር፣ ግን የሚያጨበጭበውን እጅ ካየሁ በኋላ ሐሳቤን ቀየርኩ። ፕሮፋይሉ ላይ የሞላችሁትን እኛ ባለንበት ክፈቱትና አብረን እናስተካክለው። ያ ልጅ ባለቤቴን ይቅርታ ይበለው፣ እኔን ይተወኝ፣ ባለቤቴን። የሳቀችዋን ልጅ ምንም አላልኳትም፣ ልጅ ናት።

አንድ ሌላ ነገር፣ በካናዳ ሕግ በክፍያ ሰው ወክሎ የኢሚግሬሽን ጉዳይ የሚይዝ ሰው የካናዳ ጠበቃ ወይም መሰል የሕግ ባለሙያ ካልሆነ ከኢሚግሬሽን አማካሪዎች ኮሌጅ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፣ የፈቃድ ያላቸው ሰዎች ዝርዝር ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት ነው። የኛን ፋይል የያዘላችሁ ሰው ስምና የፈቃድ ቁጥር ላኩልኝ፣ እኔ አጣራለሁ። ይሄን ድሮ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ ጥፋቴ ነው። እስከ አርብ (ራሳችሁ ያላችሁት አርብ) ካላገኘሁ ደረሰኙንም ቴሌግራሙንም ፒዲኤፉንም ይዤ ንግድ ቢሮ ነው የምሄደው፣ ገጽ 6ን አስቀድሜ።

የሁለቱን ልጆች የልደት ሰርተፍኬት ዋናውን ግን እስከ አርብም አልጠብቅም። ኮፒ እናደርጋለን ብላችሁ ከወሰዳችሁት ሁለት ወር አለፈው። ሰኞ ጠዋት ከአዳር ስወጣ ቤት ሳልገባ ቀጥታ እናንተ ጋ ነው የምመጣው፣ 2 ሰዓት ተኩል ላይ። ፖስታ ውስጥ አድርጋችሁ ካውንተሩ ላይ አስቀምጡልኝ፣ ለማንም ማዘር እንዳትሰጡት፣ መታወቂያዬን አሳያለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የአራት ሰው ፋይል ባለቤት