ፋሻው ሲፈታ ሁሉም ያልቃል ያለው ማን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እሑድ በጤና ገጻችሁ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ስለተደረገላቸው ሕፃናት ያወጣችሁትን ዘገባ እንደ ብዙ አንባቢዎቻችሁ እኔም አንብቤዋለሁ። ስለ ሐኪሞቹ ድካም የተጻፈው ሁሉ ይገባቸዋል፤ ያስቆጣኝ የመጨረሻው አንቀጽ ነው። ፋሻው በተፈታ ዕለት ሕፃኑ ሙሉ በሙሉ ማየት እንደ ቻለና ከዚያ ወዲያ ምንም እንደማያስፈልገው ጽፋችኋል። ይህ ስሕተት ነው። ስሕተቱም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ድረስ መጥቶ እኔ ቤት ገብቷል።

ሰኞ ማታ ከሥራ ስመለስ የአንድ ዓይኗ ሞራ የተገፈፈላት የአምስት ዓመት ልጄ የታከመው ዓይኗ እንዲሠራ ጠዋት ጤነኛው ላይ የለጠፍኩት ፕላስተር ሰዓቱ ሳይሞላ ተነሥቶ አገኘሁት። ያነሡት የባለቤቴ እናት ናቸው። «ጋዜጣው ወዲያው አየ እያለ አንቺ ለምንድን ነው ይቺን ልጅ ዓመት ሙሉ የምታሠቃዪያት?» አሉኝ፤ ገጹንም አጥፈው ቴሌቪዥኑ ሥር አስቀምጠውልኝ ነበር። በእማማ አልፈርድም። እሳቸው ራሳቸው ከጥቂት ዓመታት በፊት ሞራ ተገፍፎላቸው በማግስቱ የልጅ ልጆቻቸውን ፊት ለይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት እንዳሳየው በአገራችን ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ መንሥኤው የዓይን ሞራ ነው፤ በዚህም የሚጠቁት በአብዛኛው አረጋውያን በመሆናቸው በየሰፈሩ የሚወራው የእነሱ ታሪክ ነው። የእናንተ ዘጋቢ ያደረገው ያንኑ የአዋቂ ታሪክ አንሥቶ ለሕፃን ማልበስ ነው። አንድ የሕፃናት ዓይን ሐኪም ደውሎ ለመጠየቅ ስንት ደቂቃ ይፈጅ ነበር?

የእማማ አንጎል ማየትን የተማረው ገና በልጅነታቸው ስለሆነ በሞራው የደፈረሰው የዓይናቸው ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ሲተካ የቀድሞ ችሎታቸው ተመለሰላቸው። የሕፃን አንጎል ግን ማየትን ገና በመማር ላይ ያለ ነው። በሞራ በተጋረደው ዓይን በኩል ጥርት ያለ ምስል ካልደረሰው በሌላው ዓይን ብቻ መሥራትን ይለምድና የታመመውን ይተወዋል፤ «ሰነፍ ዓይን» የሚባለውም ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ተመራማሪዎች መካከል ዴቪድ ሁበልና ቶርስተን ዊዝል የድመት ግልገሎችን አንድ ዓይን ለወራት ሰፍተው ሲከፍቱት፣ ዓይኑ ራሱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ አንጎላቸው ምስሉን መቀበል እንዳቆመ አሳይተዋል። እናም ቀዶ ሕክምናው ለብርሃን መንገድ ይከፍታል እንጂ አንጎልን አያስተምርም። የሚያስተምረው ጤነኛውን ዓይን በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት ሸፍኖ ሰነፉን ማሠራት ነው፤ ይህም ልጁ ሰባትና ስምንት ዓመት ሳይሞላው ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚያ በኋላ ውጤቱ እየቀነሰ ይሄዳልና።

ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ልጄ በሦስት ዓመት ከአራት ወሯ ቀኝ ዓይኗን ስትታከም የሰጡን ጠብታና የቀጠሮ ወረቀት ብቻ ነበር። ስለ መሸፈን አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። ዘጠኝ ወር አለፈ። በሌላ ቦታ አንዲት የመነጽር ባለሙያ ግራ ዓይኗን በእጇ ስትሸፍንባት ልጄ እጇን ገፍታ «እማዬ፣ መብራት ጠፋ» አለችኝ። እነዚያን ዘጠኝ ወራት ማን ይመልስልኛል? ዛሬ የእናንተን ዘገባ አንብባ ልጇን ይዛ ቤቷ የምትቀመጥ እናት ብትኖርስ ለእሷ ማን ይመልስላታል?

አሁን በቀን አራት ሰዓት እንሸፍናለን። መጀመሪያ ሰሞን ፕላስተሩን ከቅንድቧ ጋር እየነቀለች ታለቅስ ነበር። ምስር በሰፌድ ሰጥቼ ጠጠር ልቀሚ ስላት ሰፌዱን በጣቶቿ ትዳስስ ነበር እንጂ አታይም። ከወራት በኋላ ሰፌዱን ወደ አፍንጫዋ ማስጠጋት ጀመረች። አሁን ክንዷን ዘርግታ ይዛው ጠጠሩን ከእኔ ቀድማ ታነሣለች፤ ጨሌም በክር ትሰካለች። መነጽሩም የግድ ነው። ሰው ሠራሹ ሌንስ የቅርቡንና የሩቁን እያፈራረቀ ማጥራት አይችልም፤ የልጅ ዓይን ደግሞ ስለሚያድግ የመነጽሩ ቁጥር በየጊዜው ይለወጣል።

ዘጋቢያችሁ ያነጋገረው በሆስፒታሉ ክፍል ውስጥ ያገኘውን ሰው ብቻ ነው። ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ ወይም ከገላን ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥታ ሦስት ታክሲ እየቀያየረች ለክትትል የምትሄድ እናት የለችበትም። የዕለት ደመወዟ የተቆረጠባት የለችበትም። ሌሎቹ ልጆች ይፈራሉና ያለ ፕላስተር ላኪያት ተብላ ከመዋዕለ ሕፃናት የተመለሰችም፣ እንደ እኔ፣ የለችበትም። ዓይን የማሠራቱ ልምምድ የሚካሄደው በእኛ ቤት ነው፤ ስለ ልጆቻችን ዓይን ስትጽፉ ግን ወደ እኛ አልመጣችሁም።

የምጠይቀው ግልጽ ነው። ማረሚያውን በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን አውጡ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሕፃናት መነጽርና ክትትል፣ ብዙዎቹም የዓይን መሸፈን እንደሚያስፈልጋቸው ጻፉ። የመሸፈኛውን ሰዓት የሚወስነው ባለሙያ መሆኑንም አትርሱ፤ ከልክ ካለፈ ጤነኛውን ዓይን ሊጎዳ ይችላልና። ሲወጣ ለእማማ እኔው አነብላቸዋለሁ። እስከዚያው ፕላስተሩን እጃቸው ከማይደርስበት ከቁም ሣጥኑ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ልጄም ነገ ጠዋት በ2 ሰዓት ትለጥፋለች።

የአንዲት ሕፃን እናት
ከቱሉ ዲምቱ