ይድረስ ለአባባ

አባባ፣ እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የኮሎራዶን በረዶ በስልክ አይተው ሌሊቱን ሳይተኙ እንዳደሩ እህቴ ነገረችኝ። የሆነውን እኔው ልንገርዎት።

ማክሰኞ ጭነት ይዤ ከዴንቨር ወደ ምዕራብ ወጣሁ። ጆርጅታውን የምትባል ትንሽ ከተማ ተራራ ለተራራ መሃል አለች። ነፋሱ እዚያ ጠባብ ሸለቆ ሲገባ ይብስበታል። ተሳቢውን ወደ ጎን ሲገፋው መሪው ላይ ይታወቀኛል። የዚህ አገር በረዶ እንደኛ ጠጠር አይደለም። እንደ ባዘቶ ነው፣ ድምፅም የለው። ክፉው ነፋሱ ነው። የወደቀውን መልሶ ያነሳዋል። ሰማዩ ቢያባራ እንኳ መንገዱ አይታይም።

ከዚያ በላይ የአይዘንሃወር ዋሻ አለ። ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ነው፤ ጣርማ በርን ይበልጣል። 2.7 ኪሎ ሜትር ተራራው ሆድ ውስጥ ይነዳል። እዚያ በገባሁ ቁጥር እርስዎ ትዝ ይሉኛል። የጣርማ በር ዋሻ፣ የጭነት መኪናዎ ኤንትሬዋ፣ እኔ በጋቢዎ ተጠቅልዬ። ጉሙ ሲወርድ ረዳቱን «ታኮ አድርግ!» ብለው ሞተር ያጠፉ ነበር። ባለ ጭነቱ ቢጮህ ንቅንቅ የለም። «ጉም እንግዳ ነው፣ ይሄዳል» ይሉታል።

ዋሻውን አልፌ ሲልቨርቶርን ላይ ቆምኩ። ከፊቴ የቬይል ዳገት አለ። የጎማ ሰንሰለት ይዣለሁ፤ በዚህ መንገድ ከባድ መኪና ከነሐሴ 26 እስከ ግንቦት 23 ሰንሰለት መያዝ ግዴታው ነው። መንገዱም ገና አልተዘጋም። ጭነት የሚመድበው ሰውዬ ደውሎ «ሌሎቹ እያለፉ ነው» አለኝ። አልሄድም አልኩት። ተቆጣ። ይቆጣ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መንገዱ ተዘጋ። ነፋሱ በረዶውን ካንዱ ገደል ጠርጎ ሌላው ላይ ይከምረዋል፤ ክምሩ ሲከብድ ይናዳል። ስለዚህ መኪና አስቁመው፣ በፈንጂ ቀድመው ያወርዱታል።

14 ሰዓት ጋቢና ውስጥ ቆየሁ። አጠገቤ የቆመው ሾፌር የጎንደር ልጅ ሆኖ ተገኘ። በፔርሙዝ ሻይ ይዞ መጣ። ሲነጋ ጎማዎቻችን እስከ ግማሽ ተቀብረው ነበር፤ በአካፋ ዛቅን።

ያን ሌሊት እማዬን አሰብኳት። እርስዎ ወሎ መንገድ ላይ ሲያመሹ፣ ኩራዙን ሳታጠፋ ትጠብቅ ነበር። አሁን ደግሞ እርስዎ እኔን እየጠበቁ ነው። አይስጉ ብል አይሰሙኝም። ግን እቆማለሁ፣ አባባ። ሁሌም እቆማለሁ።

እርስዎም ይስሙኝ። በዚህ የደብረ ብርሃን ውርጭ ገና ሳይነጋ ለኪዳን አይውጡ። ፀሐይ ሞቅ እስኪል ይጠብቁ። ወፍራሙን ካፖርት በሰው ልኬያለሁ፤ ለሌላ እንዳይሰጡት።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምንዎት። ረዳትዎ ባትሪ ይዞ ከፊት ከፊት እየሄደ ጣርማ በርን ያለፋችሁባትን ሌሊት፣ በእህቴ ስልክ በድምፅዎ ይቅዱልኝ። መንገድ ላይ እሰማታለሁ።

ልጅዎ