በሽቦ የታጠረች ዶሮም የምትጭረው ነገር ያስፈልጋታል

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በኅዳር 2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ይፋ ከሆነ ወዲህ ጋዜጣችሁን ጨምሮ ብዙ መገናኛ ብዙኃን በከተማ ስለሚካሄድ የዶሮ እርባታ ደጋግመው ዘግበዋል። ስለ ቄብ ዋጋ፣ ስለ መኖ መወደድና ስለ ክትባት የተጻፈው ሁሉ ጠቃሚ ነው። አንድ ጉዳይ ግን እስካሁን ሲነሣ አላየሁም፤ ይኸውም በሽቦ ታጥራ የምትውል ዶሮ ከንጋት እስከ ምሽት ምን ስትሠራ ትዋል የሚለው ነው። ጥያቄው የቅንጦት ሊመስል ይችላል። ሆኖም በጓሮ ዶሮ የሚያረቡ ሰዎች ከሚያሰሟቸው አቤቱታዎች ብዙዎቹ፣ ማለትም ላባ መነቃቀል፣ እስኪደማ መናቆርና የገዛ እንቁላልን ሰብሮ መብላት፣ ከዚሁ ከሥራ ማጣት ጋር የተያያዙ ናቸው።

ዶሮዎቹ ይፈቱ እያልኩ አይደለም። አዲስ አበባን በመሰለ ከተማ ቀን ጭልፊት፣ ሌሊት ሸለምጥማጥ ያደባል፤ ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው በቀላሉ ይሻገራል፤ የጎረቤት ጎመን የተበላ ዕለት ደግሞ የሚመጣው ጭቅጭቅ ለሁላችንም የታወቀ ነው። ስለዚህ ማጠሩ ተገቢ ነው። የምለው፣ የታጠረችው ዶሮ ውጭ ብትሆን ኖሮ የምታገኘውን ሥራ አጥሩ ውስጥ እናቅርብላት ነው።

የቤት ዶሮ ዝርያዋ የሚመዘዘው በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካዎች ከሚኖረው ቀይ የዱር ዶሮ ነው። ይህ ወፍ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል የሚያሳልፈው መሬት እየጫረና እየለቀመ ነው። የኛዪቱ ዶሮ የተመጣጠነ መኖ በገበታዋ ላይ ተሞልቶ ሲቀርብላት የዕለት ምግቧን በአጭር ጊዜ ትጨርሳለች፤ የመጫርና የመልቀም ፍላጎቷ ግን ከሆዷ ጋር አብሮ አይጠግብም። ከእግሯ ሥር ያለው ባዶ ሽቦ ወይም ሲሚንቶ ከሆነ፣ በቅርብ የምታገኘው የሚለቀም ነገር የባልንጀራዋ ላባ ነው። በዘርፉ የተመራመሩ ባለሙያዎችም ላባ መነቃቀልን በዋናነት የሚያዩት ቦታውን የሳተ ምግብ ፍለጋ አድርገው ነው። እርግጥ ነው፣ ብቸኛው ምክንያት ይህ አይደለም፤ የፕሮቲንና የጨው እጥረት፣ መጨናነቅ፣ የበዛ ብርሃንና ቅማልም ያስከትሉታል። እነዚህ ተስተካክለውም መናቆሩ ካልቆመ ግን መድኃኒት ፍለጋ ከመሮጥ በፊት የዶሮዎቹን ወለል ማየት ይበጃል።

ኬጅ፣ ማለትም ወለሉም ግድግዳውም ሽቦ የሆነ የዶሮ ቤት፣ የሚሸጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሰጡት መልስ «ይህ ለሐበሻ ዶሮ ነው እንጂ የፈረንጅ ዶሮ መጫር መች ታውቃለች» የሚል ነው። ይህ ትክክል አይደለም። እንደ ቦቫንስና ሎማን ያሉ ዝርያዎች በምርጫ ሲዳቀሉ የሚጥሉት እንቁላል በዛ እንጂ የመጫርና የመልቀም ጠባያቸው አልጠፋም። ማስረጃው እዚያው ኬጅ ውስጥ ይታያል። እኩለ ቀን ገደማ በሽቦ ወለል ላይ የምትኖር ዶሮን ረጋ ብሎ ያስተዋለ ሰው፣ ድንገት ቁጢጥ ብላ ላባዋን ስታንጨፈርር፣ በምንቃሯ የሌለ አፈር ወደ ደረቷ ስትሰበስብ፣ ከዚያም በጎኗ ተኝታ ክንፏን እያራገበች ሽቦው ላይ ስትታሽ ያያል። አፈር ነክታ የማታውቅ፣ በማሽን ተፈልፍላ ያለ እናት ያደገች ዶሮ እንኳ ይህን ታደርጋለች። ደረቅ አፈር ያገኘች ዶሮ በሁለት ቀን አንድ ጊዜ ያህል በዚህ ሁኔታ ገላዋን ታጸዳለች፤ አፈሩ ላባዋ ላይ የተጠራቀመውን ያረጀ ቅባት ያነሣላታል፤ ስትጨርስ ተነሥታ አንዴ ትራገፍና ነገሩ ያበቃል። ሽቦ ላይ ያለችው ግን የምታነሣው ቅባት፣ የምታራግፈው አፈር የለም።

መናቆር ሲበረታ ብዙ ጊዜ የሚመከረው ምንቃር መቁረጥ ነው። ምንቃር ለዶሮ እጇም ነው፤ ጫፉ ነርቭ የበዛበት በመሆኑ ሲቆረጥ ያማታል። ብዙ ሺህ ዶሮ ስላለበት ትልቅ እርባታ ባለሙያዎች ይከራከሩ፤ ጓሮ ውስጥ ላሉ ጥቂት ዶሮዎች ግን ይህ የመጀመሪያው ምክር መሆኑ አይገባኝም። የደማችዋን ለይቶ ማቆየትና ለቀሩት ሥራ መስጠት ይቀድማል።

ዛሬ በየብየዳ ቤቱ የሚሠራው ባለ ሦስት ፎቅ ኬጅ እንደ ዘመናዊ ነገር መቆጠሩም ያስገርመኛል። ስዊዘርላንድ ይህን ዓይነቱን ባዶ የሽቦ ኬጅ እ.ኤ.አ. በ1992 አስቀርታለች። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ መሠረት ከ2012 መጀመሪያ ጀምሮ አግዶታል። በምትኩ የተፈቀደው ኬጅ ለአንዲት ዶሮ ቢያንስ 750 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ቦታ፣ እንቁላል መጣያ፣ 15 ሴንቲ ሜትር የሚያህል ቆጥና የምትጭርበት ጉዝጓዝ ሊኖረው ይገባል። እኛ የአውሮፓን ሕግ የመከተል ግዴታ የለብንም፤ ሌላው በልምድ የጣለውን ዕቃ ግን እንደ አዲስ ፈጠራ ከፍለን መግዛት የለብንም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ዋናው ጉዝጓዝ ነው፤ ከእንጨት ቤት የሚገኝ ደረቅ ሰጋቱራ ወይም የጤፍ ጭድ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ኖሮት ወለሉ ላይ ይነጠፍና፣ ከሰዓት በኋላ ከዕለት መኖው ላይ የተቀነሰ ጥቂት ስንዴ ወይም ክክ በቆሎ ይበተንበታል። ዶሮዎቹ ጥሬውን ፍለጋ ጉዝጓዙን ሲገለብጡት ይውላሉ። በገበታው ላይ መኖ እያለ እንኳ ዶሮዎች ጭረው የሚያገኙትን ለመፈለግ ጊዜ እንደሚያጠፉ በምርምር ታይቷል። ጥሬው ከዕለት ምግባቸው አንድ አሥረኛ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ከበዛ የእንቁላል ጣይ መኖውን ሚዛን ያዛባል።

ለገላቸው ያረጀ የመኪና ጎማ በጠፍጣፋው አጋድሞ፣ ደረቅ አፈር፣ አሸዋና የምድጃ አመድ ቀላቅሎ መሙላት በቂ ነው፤ አመዱ ቅማልንም ይቀንሳል። ጥቅል ጎመን በገመድ ታስሮ ዶሮዋ አንገቷን ቀና አድርጋ በምትደርስበት ከፍታ ቢንጠለጠል ስትነቁረው ይወዛወዛል፤ መሬት ላይ ቢጣል ግን በአንድ አፍታ ተረግጦ ይበላሻል። ጎኑ በጥቂት ቦታ የተበሳ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ጥሬ ተደርጎበት ሲሰጣቸው፣ እያንከባለሉ ፍሬ በፍሬ ያወጡታል። ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ ቆጦችም ደካማዋ ከጉልበተኛዋ የምትሸሽበት ቦታ ይሆናሉ። የአቮካዶ ልጣጭና ዘር ለወፎች መርዝ ስለሆነ፣ የሻገተ እንጀራም እንዲሁ ጎጂ ስለሆነ ከኩሽና ትራፊው መለየት አለባቸው። አንዳንዶች በየቪዲዮው የሚያሳዩት መስተዋትና ዥዋዥዌ ግን ከዶሮዋ ይልቅ ባለቤቷን የሚያዝናና ይመስለኛል።

ጉዝጓዝ ይሸታል፣ በሽታ ያመጣል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። የረጠበ ጉዝጓዝ በእርግጥ ይሸታል፤ ኮክሲዲዮሲስ የተባለው የአንጀት በሽታ ተዋሲያንም የሚራባው እዚያ ነው። ስለዚህ በክረምት ዝናብ የማያስገባ ቆርቆሮ፣ የማይንጠባጠብ የውኃ መጠጫና ከቆጡ ሥር የሚጠራቀመውን ኩስ ቶሎ ቶሎ ማንሣት ግድ ነው። ለቀረው ግን ዶሮዎቹ ራሳቸው እየጫሩ ስለሚያገላብጡት ይናፈሳል፤ ሲያረጅም ለጓሮ አትክልት ማዳበሪያ ይሆናል።

ስለሆነም ቄብ ዶሮ ለሚያከፋፍሉ አካላትና ሥልጠና ለሚሰጡ የግብርና ባለሙያዎች ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። በሥልጠናው ላይ ከክትባት መርሐ ግብሩ ቀጥሎ ስለ ጉዝጓዝ፣ ስለ ቆጥና ስለ አፈር መታጠቢያ የሚናገር ክፍል ይግባበት። ኬጅ ከዶሮዎቹ ጋር አብሮ የሚታደል ከሆነ ደግሞ ቢያንስ አንደኛው ፎቅ ሽቦ ሳይሆን ጉዝጓዝ የሚይዝ ድፍን ወለል ተደርጎለት ይሠራ። ዝግጅት ክፍሉም ለእርባታ በተመደበው ዓምዱ አንድ የዶሮ ባለሙያ ጋብዞ ጉዳዩን በስፋት ቢያስተናግደው፣ በተለይ በጠባብ የኮንዶሚኒየም ግቢ በጋራ ዶሮ ለሚያረቡ ማኅበራት ቆጡና ጉዝጓዙ በምን ያህል ቦታ ሊዘጋጅ እንደሚችል ቢያስረዳበት ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ዶሮ አርቢ አንባቢያችሁ
አዲስ አበባ