የዚህ ወር ጠርሙስ፦ ሊተን ስፕሪንግስ

ውድ አባላት፣

ለዚህ ወር የመረጥነው ቀይ ወይን ከካሊፎርኒያ፣ ከሶኖማ የመጣ ነው። ሪጅ የተባለው ወይን አምራች ድርጅት የሚሠራው ሲሆን፣ ሊተን ስፕሪንግስ ይባላል። ዋናው ፍሬው ዚንፋንዴል የሚባል የወይን ዝርያ ነው።

ፍሬው በሚበቅልበት ማሳ ላይ ከ100 ዓመት በላይ የቆዩ ግንዶች አሉ። ያረጀ ግንድ ብዙ አያፈራም። ያቺው ጥቂት ፍሬ ግን ጣዕሟ ድብን ያለ ነው። የድሮዎቹ ገበሬዎች ዚንፋንዴሉን ፔቲት ሲራና ካሪኛን ከሚባሉ ሌሎች የወይን ዝርያዎች ጋር አደባልቀው ነው የተከሉት፤ ስለዚህ ቅልቅሉ ገና ከማሳው ይጀምራል። እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው።

ወይኑን ለዚህ ክብር ያበቁት ወይን ሠሪው ፖል ድሬፐር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1969 ሪጅ ሲገቡ የተማሩት ፍልስፍና ነበር! የወይን ሥራን በእጃቸው እየሠሩ ነው ያወቁት። ወይኑን ለማብላላት እርሾ አይጨምሩም ነበር፤ ከፍሬው ጋር የመጣው ይበቃቸዋል። ከ2011 ምርት ጀምሮ ደግሞ ጠርሙሱ ውስጥ ምን እንደገባ በሙሉ ጀርባው ላይ ተጽፏል። ይህን የሚያደርግ ወይን ሠሪ ጥቂት ነው። እሳቸው በ2016 ጡረታ ወጡ፤ አሠራራቸው ግን ቀጥሏል።

ሲቀምሱት የበሰለ እንጆሪ፣ ቁንዶ በርበሬና ትንሽ የኦክ እንጨት ሽታ ይመጣል። ከበግ ጥብስ ጋር ግሩም ነው። ከመቅዳታችሁ ከአንድ ሰዓት በፊት ክፈቱት።