ደብዳቤ ለልጄ፦ በእግር የሚሄድ ጀልባ

ውዷ ልጄ፣

የላክሽልኝን ቪዲዮ ሦስቴ አየሁት። ከሃይላንድ የሠራሽው ጀልባ መቅዘፊያ የተሰካበት ጎማው እየዞረ እሱ ግን አልሄድ ሲልሽ እኔም አብሬሽ ተበሳጨሁ። ጎማውን የሚያዞረውን ላስቲክ አትቀይሪው፣ ችግሩ እሱ ጋ አይደለም። ጎማውን እስከ ዘንጉ ድረስ ውኃ ውስጥ ነክረሽዋል። እንደዚያ ሲሆን አንዱ መቅዘፊያ ውኃውን ወደ ታች ይጫናል፣ ሌላው ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ጉልበቱ እዚያው ያልቃል። ከፍ አድርገሽ እሰሪው፣ የታችኞቹ ብቻ ውኃ ይንኩ።

«ሞተር ሳይመጣ ማን ነበር የሚያዞረው?» ላልሽኝ፣ ቻይና ውስጥ ሰው ነበር፣ ያውም በእግሩ። እ.ኤ.አ. በ8ኛው ክፍለ ዘመን፣ በታንግ ሥርወ መንግሥት፣ ሊ ጋዎ የሚባል ልዑል ግራና ቀኝ ጎማ ያላቸው የጦር ጀልባዎች አሠርቷል። አሠራሩን ልብ በይ። ጀልባውን ከጎን ወደ ጎን የሚያቋርጥ ወፍራም የእንጨት ዘንግ አለ፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ጎማዎቹ ይገጠማሉ፣ መሀሉ ላይ ዙሪያውን መርገጫዎች ይሰካሉ፣ ሰዎቹም ከፊታቸው ያለውን አግዳሚ ይዘው ደረጃ እንደሚወጣ ሰው እነዚያን ይረግጣሉ። ዘንጉ ከእግራቸው ሥር ይዞራል። ገበሬዎቹም ውኃ ወደ እርሻ የሚስቡት እንዲሁ እየረገጡ ነበር። በእጅ ስትቀዝፊ መቅዘፊያውን አንስተሽ መመለስ አለብሽ፣ ጎማው ግን እረፍት የለውም። እኔ የምወድለት ይሄን ነው።

ውኃ የሚያስገባውን የጀልባ ስንጥቅ ደግሞ ቻይናዎቹ ከተንግ ዛፍ ፍሬ የሚጨመቅ ዘይት፣ ኖራና ቃጫ አዋህደው ይደፍኑት ነበር። አንቺ ሻማ አቅልጠሽ ሞክሪ፣ የደፈንሽበት ማስቲካ ይለቅብሻል።

ትልልቆቹ ባለ ጎማ ጀልባዎች የመጡት በኋላ፣ በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ነው። በ1130ዎቹ ያንግ ያኦ የሚባል ሽፍታ ዶንግቲንግ ሐይቅ ላይ አመፀ። የመንግሥት ጀልባ ሠሪ የነበረው ጋዎ ሹዋን በአማፂዎቹ ተማረከና ለእነሱ ይሠራ ጀመር። ባለ 23 ጎማ ጀልባ ሳይቀር ነበር፣ ከ200 እስከ 300 ሰው የሚይዝ! ቁጥሩ ጎዶሎ ስለሆነ አንዱ ጎማ ከኋላ ነበር ይባላል። ጎማዎቹ በጣውላ ስለተከለሉ ከሩቅ ለሚያይ ጀልባው ዝም ብሎ የሚሄድ ነው የሚመስለው።

በ1135 የንጉሡ ጄኔራል ዩዌ ፌይ መጣ። የተሻለ ጀልባ አልሠራም። የበሰበሰ ግንድና ሣር ውኃው ከሚፈስበት ከላይኛው በኩል ለቀቀ፣ ከዚያ ተሳዳቢ ሰዎችን ጥልቀት ወደሌለው ቦታ ላከ። አማፂዎቹ በንዴት እየረገጡ ተከተሏቸው። ሣሩ ጎማው ላይ ተጠመጠመ፣ ጀልባዎቹ ቀጥ አሉ።

አንቺም ጎማውን ካስተካከልሽ በኋላ ሳፋው ውስጥ ትንሽ ሣር በትኚና እዪው። ሣሩ እንዳይገባበት መከለያ ትሠሪለት ይሆናል፣ ወይ መቅዘፊያዎቹን ታሳጥሪ ይሆናል። ቪዲዮውን ላኪልኝ፣ ዛሬ ማታ እጠብቃለሁ።

አባትሽ